የጽኑ ሕሙማን ክፍል መርዶ ነጋሪ

በየመን፣ በአደን ከተማ፣ ሼክ ዑስማን ሰፈር በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሰው በሞተ ቁጥር ለቤተሰቡ መርዶውን የምትነግረው ነርሷ ሪም ነበረች። ይህን ሥራ በደብዳቤ የሰጣት የለም። ሥራው ወደ እርሷ የመጣው በሁለት ጥፊ ምክንያት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ራኒያ የተባለች ነርስ በአንድ በሽተኛ ዘመድ በጥፊ ተመታች። የራኒያ ቀቢላ፣ ማለትም ጎሣዋ፣ በሦስት መኪና ተጭኖ መጣ፤ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ በሆስፒታሉ በር ላይ የካሣ በሬ እስኪታረድ ድረስ ሳምንት ሙሉ ሥራ ተስተጓጎለ። ከሁለት ወር በኋላ ሪም በጥፊ ስትመታ ግን የመጣ አልነበረም። አባቷ የመናዊ፣ እናቷ የደሴ ሰው ናቸው፤ አደን እንዲህ ያለውን ሰው ሙወለድ ይለዋል፤ ሙወለድ ደግሞ ቀቢላ የለውም። የክፍሉ ሐኪም ደክቶር ዋኤል ለጉንጯ በረዶ አምጥቶ «ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ» ብሏት ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርዶ የእርሷ ሆነ። «አንደበትሽ ለስላሳ ነው» ይሏታል። እርሷ ግን ምክንያቱን ታውቀው ነበር፤ እርሷ ብትመታ ጠያቂ የለም።

ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ሰውነቷን ወረሰው። ቃሂራ ሰፈር ካለው ቤቷ ከመውጣቷ በፊት የበላችውን ታስመልሳለች። ልጆቿ በር ጓ አድርገው ሲዘጉ ጎንበስ ትላለች። ከአልጋዎቹ እስከ ኋላው በር ያለውን እርምጃ ቆጥራዋለች፤ አሥራ ዘጠኝ ነው። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ የፈራችው በአንድ ረቡዕ ደረሰ።

ሙንተሰር የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት በሠርግ ላይ በተተኮሰ የደስታ ጥይት ተመትቶ ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ባሲል ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከበሩ አልተነሣም። የመጀመሪያው ቀን ለሪም «ወንድሜ ከዚህ በእግሩ ካልወጣ፣ አንቺም በእግርሽ አትወጪም» ብሏት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሙንተሰር ሞተ።

«የመተንፈሻ ጭምብሉን አታንሺ» አላት ዋኤል በሹክሹክታ። «ማሽኑም ይሥራ። ጥበቃዎቹ ጫት ላይ ናቸው። እስኪመለሱ ድረስ ቤተሰቡን ተኝቷል በያቸው።»

«ደክቶር፣ ልጁ እኮ ሞቷል።»

«አውቃለሁ። እኔና አንቺ ግን አልሞትንም።»

ይህን ብሎ ወደ ቢሮው ገባ፤ ቁልፉም ከውስጥ ሲዞር ተሰማ። ወለል ትወለውል የነበረችው ኢትዮጵያዊት ሸዋነሽ ቀና ብላ በአማርኛ ተናገረች።

«ሲስተር፣ ደክቶራችን ለራሱ መድኃኒት አዘዘ መሰለኝ፤ ቁልፍ፣ በቀን ሦስት ጊዜ።»

«እትዬ ሸዋነሽ፣ ዝም በይ፤ ይሰሙናል።»

«አማርኛ የሚሰማ ካለ ይስማ! በእኛ አገር መርዶ ብቻውን የሚያረዳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ በማለዳ ነው እንጂ። አንቺን ግን እንደ መጥረጊያ በር ላይ አቆሙሽ።»

ወዲያው የሕሙማኑ ክፍል በር ተንኳኳ። የሙንተሰር አባት ሐጅ ራሺድ ነበሩ፤ በእጃቸው ትንሽ የዘምዘም ውኃ ጠርሙስ ይዘዋል።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ከንፈሩን ላርጥብለት። የእምነት ቃሉን፣ ሸሃዳውንም በጆሮው ልበልለት። ከዚያ እወጣለሁ።»

ብትከለክላቸው ባሲል ይነሣል፤ ብታስገባቸው በሞተ ሰው ከንፈር ላይ ውኃ ያፈሱና ራሳቸው ይደርሱበታል። ሆኖም አንድ አባት ከጭምብልና ከማሽን ጋር እንዲያወራ ማድረግ ለእርሷ ከጥይትም የከፋ ኃጢአት ሆኖ ታያት።

«አባቴ» አለች፤ «ልጅዎ ቀድሞዎታል። አሁን፣ ከዓስር ሶላት በፊት።»

ከአባቱ ኋላ የነበረው ባሲል ሰማ። ክላሹ ሲቀባበል ተሰማ፤ ቀዝቃዛው አፈሙዝ አንገቷ ሥር አረፈ። አሥራ ዘጠኙ እርምጃ ከአእምሮዋ ጠፋ፤ እግሯም የሌላ ሰው ሆነ። በዚያን ጊዜ ሐጅ ራሺድ የራሳቸውን ጥምጥም ፈትተው በልጃቸውና በነርሷ መካከል መሬት ላይ አነጠፉት።

«ይህን የረገጠ ልጄ አይደለም።»

ባሲል ጥምጥሙን አየ። ዘወር ብሎ የመድኃኒት መደርደሪያውን መስተዋት በሰደፍ አደቀቀውና ግድግዳው ሥር ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባትየው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጅዑን» እያሉ ገቡ።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ዋኤል በሩን ከፈተ።

«አላልኩሽም? አንቺን ይሰሙሻል!»

ይህ ቃል ከአፈሙዙ ይልቅ አስደነገጣት፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ብቻዋን እንደምትቆም ተረዳች።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለችው፣ «መርዶ ብቻዬን አልናገርም። ያከመው ሐኪም ይናገራል፤ እኔ ከጎኑ እቆማለሁ። ይህ ካልሆነ ነገ አልመጣም።»

«ሪም፣ እኔ እኮ ሚስትና ልጆች አሉኝ።»

«እኔስ ያለኝ ድመት ነው?»

ዋኤል የደቀቀውን መስተዋት ተሻግሮ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

እሑድ ቀን፣ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያዋ፣ አንዲት በሽተኛ እናት ሞተች። ሪም ወደ ቤተሰቡ አልሄደችም፤ የዋኤልን በር አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። ብዙ ቆይቶ ቁልፉ ዞረ። ሐኪሙ ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ እያንጠባጠበ ወጣ።

«ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«መሣሪያ የያዙስ?»

«ሁለቱ።»

አብረው ሄዱ። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ የእርሱም ትንፋሽ ሲቆራረጥ ትሰማዋለች። ወንዶቹ ተነሡ። ዋኤል አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም፤ ዞሮ እርሷን አያት። ቃሉ በሪም ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ጥርሷን ነክሳ ጠበቀችው፤ እርሱ እስኪናገር ድረስ።