ሦስት የታይፎይድ ወረቀቶችና አንድ ያላሰመርኩት ቀስት

መጀመሪያ የመጣው ላብ ነው። ጠዋት ስነሳ ትራሴና ሸሚዜ ርሰው አገኘኋቸው። በብርድ ልብሱ አሳብቤ በስስ አንሶላ ቀየርኩት። በሳምንቱ ደረቅ ሳል ተከተለ፤ ከዚያም ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚመጣ ትኩሳት።

ይህን የምጽፈው የላቦራቶሪ ወረቀት ይዛችሁ ወረፋ ለምትጠብቁ ነው። አስኮ አካባቢ ባለ ኮሌጅ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አስተምራለሁ። በዚያ ሰሞን የምናስተምረው፣ እርግጠኛ ባልሆንንበት ነገር ላይ በፕሮባቢሊቲ እንዴት እንደሚታሰብ ነበር። ስለዚህ ስህተቴን አለማወቅ ልለው አልችልም።

18 ማዞሪያ አጠገብ ካለ ክሊኒክ ደም ሰጠሁ። ታይፎይድ ተባልኩ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘልኝ። ትኩሳቱ ቀነሰ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ታይፎይድ። ሦስተኛ ሄድኩ፤ ታይፎይድ፣ ታይፈስም ተጨመረበት። በቀበቶዬ ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ቆይቼ ሌላ በሳሁ። ታክሲ ውስጥ ሳሌ ሲበረታ ረዳቱ፣ “መስኮት ክፈቱ እንጂ፣ ቲቸር ሊያልቅብን ነው!” አለ። ሁሉም ሳቀ። ብርድ ፈርቶ ግን መስኮቱን የነካ አልነበረም።

ቤታችን ውስጥ አራስ ነበረች። እህቴ ሰሚራ እንደ ወጉ ለመውለድ እናታችን ዘንድ መጥታለች። እሷና ልጇ ሂባ የሚተኙት ከእኔ አልጋ በመጋረጃ ብቻ ተለይተው ነው። ታይፎይድ በትንፋሽ አይተላለፍም። ሌላ ከሆነ ግን... ሐሳቡን አልጨረስኩትም። እናቴ “ነስሩ፣ ይሄ ሳል አላማረኝም” ስትል ሦስቱን ወረቀቶች ደርድሬ አሳየኋት።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ቤዥያን ኔትወርክ እያስረዳሁ ነበር። ክቦቹ ነገሮች ናቸው፤ ቀስቶቹ የትኛው ነገር የትኛውን እንደሚያመጣ ያሳያሉ። “ሁለት ጎረቤቶች ነገ ውኃ ይጠፋል ቢሏችሁ፣ ሁለቱም የሰሙት ከአንድ ሰው ከሆነ፣ ያላችሁ ማስረጃ አንድ ነው” አልኩ።

ቃልኪዳን የምትባል ተማሪዬ ከፊት ወንበር፣ “ቲቸር፣ ሦስተኛ ጎረቤት ቢጨመርስ?” አለች።

“እሱም የሰማው ከዚያው ሰው ከሆነ...”

ሳል አቋረጠኝ። መሐረቤን አየሁ። ደም ነበር። ትንሽ።

ሦስቱ ወረቀቶች ታወሱኝ። ሦስት ጎረቤቶች፤ የሰሙት ግን ከአንድ የእኔው ደም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ዶክተሯ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ወረቀቶቹን አገላብጠው ወደ ጎን አደረጓቸው።

“ይህ ምርመራ የሚፈልገው ሰውነትህ ታይፎይድን ለመከላከል ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ዱሮ ይዞህ የለቀቀህም ቢሆን ሊወጣ ይችላል። ሦስት ጊዜ ብትደግመውም ያው ነው።”

“ዶክተር፣ መድኃኒቱ እኮ አሽሎኝ ነበር።”

“ሲፕሮ ቲቢንም ለጊዜው ጋብ ያደርገዋል። መሻልህን የታይፎይድ ብቻ ምስክር አደረግኸው። አክታህን ማን መረመረው?”

“ማንም።”

“ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?”

“አለች። ሁለት ወር ሊሞላት ነው።”

የመጀመሪያው አክታ ኔጌቲቭ ሆነ። ተነሣሁ። “ተቀመጥ” አሉኝ። “የሰጠኸን ምራቅ ነው። ምራቅ ላይ ቲቢ አልታየም ማለት ቲቢ የለም ማለት አይደለም።” ጠዋት ከደረቴ ጥልቅ የወጣ ሌላ አክታ የቲቢን ጀርም በዘረመሉ ለሚለየው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ተላከ። ራጅም ተነሣሁ።

ውጤት እስኪመጣ ኮሪደሩ ላይ ደብተሬን አወጣሁ። ክቦች ነደፍኩ፤ ቲቢ፣ ታይፎይድ፣ የደም ምርመራ፣ ላብ፣ ሳል፣ በመጨረሻም ሂባ። ቀስቶቹን አሰመርኩ። አንድ ቀስት ቀረኝ። ከሳል ተነሥቶ ወደ ሂባ የሚሄደው። እጄ እምቢ አለ። ለሁለት ወር ያልጨረስኩት ሐሳብ ይኸው ነበር። ታይፎይድን ያመንኩት ማስረጃው ስለበዛ አይደለም፤ ሂባን የማይነካው እሱ ስለሆነ ነው።

አሰመርኩት። ስሜ ተጠራ። ቲቢ።

በዚያው ቀን ሂባን አስመረመርናት። ራጅዋ ንጹሕ ነበር። በሽታው አልያዛትም፤ የመከላከያ መድኃኒት ግን ተሰጣት፤ ሰሚራም በየጠዋቱ ክኒኑን በታለበ የጡቷ ወተት አሟሙታ በማንኪያ ታጠጣት ነበር። አልቅሼ ይቅርታ ስጠይቃት፣ “አንድ አጎት ብንሰጣት እሱም ከነሳሉ!” ብላ አሳቀችኝ፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ትከሻዋም ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔ ማስክ ማድረግ ጀመርኩ፤ ግቢ ውስጥ ወዳለችው የዕቃ ክፍልም አልጋዬን አወጣሁ። በየጠዋቱ ከኮሌጅ በፊት ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ነርሷ እያየችኝ ክኒኖቼን ዋጥኩ፤ ሽንቴ ብርቱካንማ ሲሆን ደነገጥኩ፤ የመድኃኒቱ ቀለም መሆኑን ስትነግረኝ ተረጋጋሁ፤ በሁለተኛው ወር እናቴ የምታቀርብልኝን ገንፎ ጨርሼ ሌላ መጠየቅ ጀመርኩ፤ የቀበቶዬንም ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመለስኩባቸው።

ስድስት ወሩን ጨረስኩ፤ አልሐምዱሊላህ። ዶክተሯንና ነርሷን፣ ያቺን ጥያቄ የጠየቀችኝን ቃልኪዳንንም አመሰግናለሁ። እናንተ ደግሞ ሳላችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈ የአክታ ምርመራ ጠይቁ። ምራቅ አትስጡ። የአንዱን ክሊኒክ ወረቀት በሌላው ክሊኒክ ያው ወረቀት አታረጋግጡ። ቤታችሁ ማን እንዳለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ሲሻላችሁ አታቋርጡት። ከሁሉ በላይ ግን የትኛውን መልስ እየፈራችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁና መጀመሪያ እሱን አስመርምሩ።

ማስክ ሳላደርግ ሂባን ያቀፍኩበትን ቀን አልረሳውም። ፊቴን ታውቀው አልነበረም። ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አፍንጫዬን ጨብጣ ይዛ አለቅም አለች።