ወንዝ ማዶ እንደሚጣሩ

ትናንት የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ረጃጅም ቃላት እየከፋፈሉ፣ ድምፅ የሚጠነክርበትን ክፍል ማስመር ነው። ሳላስበው እጄ አገጬ ሥር ገባ።

“እማማ፣ ጥርስሽን አሞሽ ነው?” አለችኝ።

ጥርሴን አይደለም፤ ሞጣ ትዝ ብላኝ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ነበር። ቢቸና ስምንተኛን ጨርሼ፣ ሞጣ ዘጠነኛ ለመግባት የቃል ፈተና ይጠብቀኛል። አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል፤ ካለፍኩ እማራለሁ፣ ከወደቅሁ በጥር እዳራለሁ። የምዳርለት ልጅ ወገኖች ሽማግሌ ልከው መልስ እየጠበቁ ነበር። በክረምት መውጫ፣ በዚያ ጭቃ፣ በበቅሎ ወጣን። ጉንደ ወይን አደርን። በሶ በጥብጠን ስንጠጣ እንኳ እኔ በልቤ የእንግሊዝኛ ቃላት እቆራርጥ ነበር።

የቢቸናው መምህራችን ያስተማረን ዘዴ ቀላል ነው። እጅን አገጭ ሥር አድርጎ ቃሉን ማለት፤ አገጭ በወረደ ቁጥር አንድ ክፍል ይቆጠራል። የሚጠነክረውን ለማግኘት ደግሞ ወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣሩ ቃሉን መጣራት ነው፤ ድምፅ ከፍ የሚልበት እሱ ነው። በአማርኛ ሁሉንም እኩል ስለምንል ሌላ መላ አልነበረንም። ወንዶቹ ሜዳ ወጥተው ይጮኻሉ። እኔ ግን በትልቅ ሰው ፊት አፌን በነጠላ ሸፍኜ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ጮኼ አላውቅም።

ፈታኙ “ኤግዛሚኔሽን” የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉልኝ። አምስት ቦታ ከፈልኩት። የሚጠነክረው ግን ጠፋኝ። በሹክሹክታ ሞከርኩት፤ በሹክሹክታ ሁሉም አንድ ነው። ጠመኔው በላቤ ረጠበ።

“ልጄ፣ ካላወቅሽው ተቀመጪ” አሉኝ።

ጥርን አሰብኩ። ነጠላዬን ከአፌ ላይ አነሣሁና ቃሉን ባለኝ አቅም ሁሉ ተጣራሁ።

በሩ ተበረገደ። ውጭ በቅሎዋን ይዞ የቆመው አባቴ ዱላውን እንደያዘ ገባ።

“ማነው ልጄን የነካት?”

“ማንም አልነካኝ አባየ። ቃሉን እየጠራሁት ነው” አልኩና “ኔ” የሚለው ክፍል ሥር አሰመርኩ። ፈታኙ ሰሌዳውን አዩ፣ የአባቴን ዱላ አዩ።

“ልክ ነው” አሉ።

ስንመለስ፣ ጉንደ ወይን ስንደርስ፣ አባቴ “እንዲህ ያለ ድምፅ ነበረሽ እንዴ?” አለኝ። ቤት ስንገባ ሽማግሌዎቹን፣ ልጄ ተማሪ ናት ብሎ መለሳቸው።

ከዚያ ወዲህ ለዕረፍት ከሞጣ ስመጣ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ደጃፍ ላይ ቆሞ “ኤግዛሚኔሽን” እያለ ይጣራ ነበር። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ “ኔ” ላይ ግን እስኪሞት ድረስ ስቶ አያውቅም።

ትናንት የልጅ ልጄን ደጅ አወጣኋትና ቃሏን እንድትጣራ አደረግኋት። አፍራ ጀመረች፣ ከዚያ ጮኸች። እኔ ደግሞ አባቴ ዱላውን ይዞ የሚመጣ መስሎኝ ወደ ግቢው በር ዞርኩ።