ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ጽሑፍ

ቡራዩ፣ ንጋት

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አውቶብሱ ውስጥ ዶሮው፣ ከሰሉና ሰው ተደራርቦ ተጭኗል። ፊደል የቆጠርኩት ድንጋይ ስፈልጥ ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት ነው። መጀመሪያ አንብቤ የጨረስኩት የጋሽ ወርዶፋን የሽሙጥ ጽሑፍ ነበር። እዚያ ውስጥ የአንድ ዳኛ ሱሪ ከፊት ተቀዷል፤ ባለጉዳዩ ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ እጅ ስለሚነሳ ቅዳዱን ያየ የለም። ጋሽ ወርዶፋ በዚህች ሳቅ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነቱ ተባረረ፤ ሌላም እንዳይታተምለት ተከለከለ። አምና ሞተ። ያልታተመ ነገር ትቶ እንደሆን ልፈልግ ወጣሁ።

ሰበታ፣ ረፋድ

ጭቃ፣ የበቆሎ እሸት፣ ስሙኒ የሚለምን ዓይነ ስውር። ከጋሽ ወርዶፋ ጋር ይጽፉ የነበሩት ኦቦ ቶላ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ አልኳቸው፤ ቆሎ ዘገኑልኝ። የመጨረሻው ጽሑፉ በወረዳው ገዥ ላይ ነው አሉ፤ ያለውም ሱሉልታ፣ እህቱ ቤት፣ ሳጥን ውስጥ።

«ቶሎ ድረስበት። እህቲቱ ፊደል አታውቅም።»

ሱሉልታ፣ ከቀትር በኋላ

ድርቆሽ የጫኑ ካሚዮኖች፣ የወተት ጣሳ፣ ፊት የሚገርፍ ነፋስ። እህቱ እማማ ብዙነሽ እርጎ አቀረቡልኝ። ሳጥኑን ከፈቱት፤ ባዶ ነው። ወረቀቱስ አልኳቸው። ግድግዳውን አሳዩኝ፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።

ለተዝካሩ እንግዳ ሲመጣ ቤቱ እንዳይጨልም ብለው፣ በዱቄት ሙጫ ለጥፈውታል። ጥቁር ጽሑፉን ወደ ጭቃው፣ ንጹሑን ገጽ ወደ ሰው።

«ገዥው ሳይቀሩ መጥተው እዚያች ጋ ተደግፈው በሉ» አሉኝ፣ ኩራት ባለው ድምፅ። «ወንድሜን አከበሩልኝ።»

አስፈቅጄ አንዷን ጥግ በውሃ አራስኩ። ከግድግዳው ጭድ ጋር ተገንጥሎ መጣ። ሌላም ሞከርኩ፤ ቀለሙ ጭቃው ላይ ቀርቷል። የሚነበብ ሆኖ የተረፈው የጣት ቁራጭ የሚያህል ነው።

«ምን ይላል?» አሉ እማማ። «አንድም ቀን አላነበበልኝም።»

«‹ክቡር ሆይ፣ ይቀመጡ› ይላል።»

«ተቀመጡ እኮ» አሉ፤ ዕንባቸው መጣ። ሌላው እንዳይቀደድባቸው ለመኑኝ። የገነጠልኩትን ራሴ አርጥቤ መልሼ ለጠፍኩት፤ ነጩን ወደ ውጭ።

መልስ

ድርቆሽ በጫነ ካሚዮን ላይ ተቀምጬ ተመለስኩ። ሾፌሩ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። የሚነበብ ነገር አልኩት። ሳቀ። ቡራዩ ስወርድ ጥፍሬ ሥር የገባው ጭቃ ደርቋል።