መንፈስ በአንድ ዶላር

ሄዲ ቨርደርበር የሙታንን ንግግር እየጻፈች አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። እንጀራዋ ነበር። ወንድሟ ካስፐር ለሥዕል ታሪክ መጽሔቶች አስፈሪ ገጾችን ይስላል፦ ከመቃብር የወጣች ሙሽራ፣ ሰምጦ ሞቶ መስኮት የሚያንኳኳ መርከበኛ፣ ማንም ሳይነካው የሚወዛወዝ ወንበር። እሷ ደግሞ ከሰዎቹ ራስ በላይ በተተወው ነጭ ክብ ውስጥ የሚናገሩትን በእጇ ትጽፋለች። ሕያው ሲናገር ቀጥ ባለ ፊደል ነው፤ ሙት ሲናገር ዳር ዳሩ በሚንቀጠቀጥ። የሚንቀጠቀጠውን ፊደል ያመጣችው ራሷ ናት። አዘጋጁ ሚስተር ሃለር ወደደውና ሌሎቹም ጸሐፊዎች እንዲኮርጁት አዘዘ።

ወንድምና እህት ሁለቱም አላገቡም። ኒውዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ ሪጅውድ በሚባል ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ከትውልድ አገራቸው መጥተው ያረፉበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ተካፍለው ይሠራሉ። ካስፐር በመስኮቱ በኩል፣ ሄዲ በምድጃው በኩል። አንድ ገጽ ሲጨርስ ወደ እሷ ይገፋዋል፤ ክው ካለች ይስቃል።

«ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሃት? ዓይኗ እኮ እንቅልፍ ይነሳል!»

«ወይዘሮ ኩምፕ ናቸው። ጥርሳቸውን ብቻ ነው የቀነስኩላቸው።»

ወይዘሮ ኩምፕ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ነበሩ። በ1954 በጋ ላይ ግን ወይዘሮዋ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ይግቡ ቢባሉም እምቢ አሉ። በዚያ ሰሞን ጋዜጣውም ሬዲዮውም ስለ ሌላ ነገር አያወራም። ልጆችን የሚያባልገው አስፈሪው የሥዕል መጽሔት ነው ይባላል። የደብሩ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልጆቹ ያላቸውን እያመጡ እንዲጥሉ ተነግሯቸው፣ ክምሩ ላይ እሳት ተለቋል።

«ሄዲ፣ አንቺን በሽንት ጨርቅ ሳለሽ ነው የማውቅሽ» አሉ ወይዘሮ ኩምፕ። «ቄሱ ከማቃጠላቸው በፊት አንዱን አነበቡልን። ከመቃብር ወጥቶ ሚስቱን በስሟ የሚጠራ ሰው! እናትሽ በሕይወት ብትኖር ምን ትል ነበር?»

«እናቴማ ልጆች ሆነን የምታወራልን እሱኑ ነበር።»

«ማውራትና መሸጥ አንድ ነው እንዴ?» አሉና ወረዱ።

መከር ሲገባ አሳታሚዎቹ ፈርተው ራሳቸው ደንብ አወጡ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ገጽ ከመታተሙ በፊት የሚመረምረው ቢሮ ተቋቋመ። ሬሳ አይነሳ፣ ደም የሚጠጣ አይኑር፣ በርዕስ ላይ የሚያስደነግጥ ቃል አይውጣ ተባለ። ሃለር ሄዲን ማንሃተን ቢሮው ድረስ አስጠርቶ በሰማያዊ እርሳስ የተዥጎረጎረ የገጽ ቁልል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈላት።

«ወይዘሪት ቨርደርበር፣ ሰውዬው አይሙት ተብሏል።»

«እንዴት አይሙት? ታሪኩ በሙሉ የሱ መሞት አይደለም እንዴ?»

«ተኝቶ ነበር ይበሉት።»

«ከመቃብር ነው እኮ የሚወጣው፣ ሚስተር ሃለር!»

«መቃብሩን ካስፐር ምድር ቤት ያድርገው።» አልሳቀም። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። «እኔም እኮ ቤተሰብ አለኝ፣ ወይዘሪት።»

ሄዲ ገጾቹን ይዛ ተመለሰችና የራሷን ፊደል በምላጭ ትፍቅ ጀመር። «ሞቼም አልተውሽም» የሚለውን ፍቃ «ሕልም ነበር፣ ውዴ» ብላ ጻፈች። ካስፐር የሙሽራይቱን ዓይን በነጭ ቀለም ደፈነ፤ ጉንጯንም ሞላ አደረገላት። ሁለተኛውን ገጽ እንዲሁ አደረገ። ሦስተኛው ላይ ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነከረና እዚያው ተወው።

«እጄ እምቢ አለ» አላት።

«ትንሽ እረፍ።»

«የዕረፍት ነገር አይደለም። የራሴን ሰዎች እንደገና እየገደልኩ ነው የመሰለኝ።»

በየካቲት ሃለር ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ መጥቶ መጽሔቱ መዘጋቱን ነገራቸው። ካስፐር ሥዕሎቹን በትልቅ የካርቶን ማኅደር ይዞ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። ያኔ የሚፈለገው የሚያስቅ እንስሳ ነበር። አንዱ ጋ ድመት ሳል አሉትና ሳለ።

«ይቺ ድመት ሞታ የተነሳች ነው የምትመስለው» ብለው መለሱለት። ቤት መጥቶ ይህን ሲነግራት ሄዲ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እሱም ሳቀ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ካስፐር ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረና ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጢሙን አልተላጨም። ሾርባ ስታቀርብለት ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይተወዋል። አንድ ጠዋት ስትነሳ ምላጮቿን ከቀለም ሳጥኗ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በመስመር ደርድሯቸው እያያቸው አገኘችው። ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ ለእንጀራ ፍለጋም ለጸሎትም ስትወጣ ይዛቸው ትወጣለች።

በዚህ መሐል ነው ሚስተር ደኒጋን የተባለ ሰው የመጣው። የመጽሔቶችን የኋላ ገጽ እየተከራየ በፖስታ ልዩ ልዩ ነገር የሚሸጥ ነው፤ የሚያሳክክ ዱቄት፣ የሚጮህ ቀለበት፣ ግድግዳ አሳልፎ ያሳያል የተባለ መነጽር። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አስቀምጦ ከፈተላቸው። ውስጧ አንድ ነጭ ፊኛ፣ የተጣጠፈ ስስ ነጭ ላስቲክና የክር ጥቅል አለ።

«ምንድን ነው?» አለች ሄዲ።

«መንፈስ ነው። ቁመቱ ሰባት ጫማ፣ የታዘዘውን የሚፈጽም መንፈስ። ዋጋው አንድ ዶላር።»

«መንፈስ ተከልክሏል እኮ!»

«ታሪኩ ውስጥ ነዋ የተከለከለው፣ ወይዘሪት። ማስታወቂያው ውስጥ ማን ከለከለ?»

ካስፐር ከግድግዳው ዞረ። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ሠራ። ሄዲ ከጎኑ ሆና ድንች ስትልጥለት በላ፤ እያፏጨም ነበር። የወጣው ሥዕል እስከዚያ ቀን ከሠራው ሁሉ በለጠ። መንፈሱ ከጭስ ውስጥ ረጅም ሆኖ ተነስቷል፤ ክንዶቹን ዘርግቷል፤ ፊቱ ግን አያስፈራም። ሩቅ ቆይቶ ቤቱን የሚፈልግ ሰው ፊት ነው። ሄዲ የደኒጋንን ቃላት በሚንቀጠቀጠው ፊደሏ ዙሪያውን ጻፈች። ሲያልቅ ከታች አንድ መስመር የሚያክል ባዶ ቦታ ተረፈ። እሷም ማንንም ሳታማክር «ሲጠሩት ይመጣል» ብላ ሞላችው። ደኒጋን አይቶ በደስታ ጉልበቱን መታ።

ገዢው ጎረፈ። ቅሬታውም ተከተለ፤ ደኒጋንም ደብዳቤዎቹን እየከፈተች የታተመ ካርድ እንድትልክ ለሄዲ ሥራ ጨመረላት። ካርዱ «ዕቃዎ በመልካም ሁኔታ ተልኮልዎታል» ከማለት በቀር ሌላ አይልም። አብዛኛው ደብዳቤ የልጆች ነው። «የኔ መንፈስ ከረጢት ነው» ይላል አንዱ። «እህቴ ፊኛውን አፈነዳችው፣ ሌላ ላኩ» ይላል ሌላው። ሄዲ አንዳንዴ ፈገግ ትላለች። ሰኔ ላይ ግን ከፔንሲልቬንያ፣ ከናንቲኮክ የመጣውን ከፈተች። የአዋቂ ጽሕፈት ነበር፤ በእርሳስ።

«ውድ ጌቶች፣ መንፈሱ ደርሶኛል። እንዳላችሁት ጠራሁት፤ አልመጣም። በስሙ መጥራት ያስፈልግ እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም። ባለቤቴ ግዊሊም ይባላል። ባለፈው ኅዳር የከሰሉ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ሲገባ እዚያው ቀረ፤ አላወጡትም። ሌላ ዶላር አብሬ ልኬአለሁ። ትክክለኛውን እንድትልኩልኝ እለምናለሁ። አልማ ፕሪቸርድ።»

ሄዲ ደብዳቤውን ይዛ ደኒጋን ጋ ሄደች።

«ካርዱን ይላኩላታ» አላት።

«ዶላሩንስ?»

«ሴትዮዋ መንፈስ ነው የጠየቀችው አይደል? ሌላ ይላክላት።»

ለካስፐር ላለማሳየት ደብዳቤውን ከደረት ልብሷ ሥር ደበቀችው። እሱ ግን ልብሷን ስትቀይር ከወንበሩ ላይ አግኝቶ አነበበው። በሦስተኛው ቀን «ፊቱ ነው ያታለላት። እኔ የሠራሁት ፊት» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። «ሂጂና ንገሪያት። እኔ አልችልም።»

ሄዲ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። ከመሄዷ በፊት የወይዘሮ ኩምፕን በር አንኳክታ «እባክዎ፣ ካስፐርን አንዴ ወጣ ብለው ይዩልኝ» ብላ ለመነች። ወይዘሮዋም ያኔ የተናገሯትን ሁሉ ረስተው ሹራባቸውን ይዘው ወጡና ከካስፐር ፊት ለፊት ተቀምጠው መሥራት ጀመሩ።

የአልማ ፕሪቸርድ ቤት ከጥቁሩ የከሰል ዝቃጭ ክምር ሥር፣ አንድ ዓይነት ቤቶች ከተደረደሩበት ረድፍ መጨረሻ ላይ ነበር። ሴትዮዋ አርባ አይሞላትም። ወጥ ቤቷ ውስጥ ካሉት ሁለት ወንበሮች አንደኛው ላይ ነጩ ላስቲክ ተደላድሎ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ከኒውዮርክ ነው የመጡት? ትክክለኛውን ይዘው ነው?»

«ትክክለኛ የሚባል የለም፣ ወይዘሮ ፕሪቸርድ። ፊኛና ላስቲክ ነው። ሌላ ምንም የለም።»

አልማ ሻይ ቀዳች።

«አውቃለሁ» አለች። «ሞኝ መሰልኩዎት? ሳጥኑን የከፈትኩ ዕለት ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ሌላ ዶላር ለምን ላኩ?»

«ወዴት ልላከው? ኩባንያው በር ዘጋብኝ። ቄሱ ጸልዪ አሉኝ። የግዊሊም ጓደኞች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። 'ሲጠሩት ይመጣል' ብላችሁ የጻፋችሁልኝ እናንተ ብቻ ናችሁ።»

ሄዲ ኩባያውን አስቀመጠች። «እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ? በገዛ እጅሽ?»

«በእጄ። ጻፊ ያለኝም የለም፤ ከራሴ ጨምሬው ነው።»

«ለምን?»

ሄዲ መዋሸት ትችል ነበር። «ቦታ ተርፎ ነው» አለች። «መስመሩ ባዶ ሆኖብኝ።»

አልማ ላስቲኩን ከወንበሩ አንስታ በሄዲ ደረት ላይ ወረወረችውና «ተነሺ፣ ውጪልኝ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቶች በየበራቸው ወጡ። ሄዲ ላስቲኩን ታቅፋ፣ ልትመልስላት ያመጣችውን ሁለት ዶላር ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ በእነሱ መሐል አልፋ ሄደች። የመመለሻው አውቶቡስ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈለገች፤ አልመጣላትም።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ አልማ አንድ ሳንቃ፣ ብሩሽና የምድጃ ማጥቆሪያ ቀለም በቆርቆሮ ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«መቃብር የለውም» አለች ከፊቷ ቆማ። «መጻፍ ታውቂ የለ? ስሙን ጻፊልኝ።»

ሄዲ መንገዱ ላይ ተንበርክካ ጻፈች። ግዊሊም ፕሪቸርድ። የትውልድ ዘመኑን። የሞተበትን ወር። ብሩሹ የጫማ ብሩሽ ስለነበር ፊደሎቹ ወፍራም ሆኑ፤ አልማ ከላይ ሆና እያንዳንዱን አየች። አንዴ ብቻ «እዚያ ጋ ራቅ አድርጊው፣ ተጣበቀበት» አለቻት። ሲያልቅ ሳንቃውን ቀለሙ እንዳይነካካ በሁለት እጇ ከልብሷ አርቃ ይዛ ሄደች። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ሄዲም አልጠበቀችም።

ሰኞ ዕለት ሄዲ ሥራውን ለቀቀች። ደኒጋን አልተከራከራትም፤ ማስታወቂያው የሚታተምበት የብረት ሰሌዳ የሱ ንብረት ነበር። የካስፐር ሥዕልና የሄዲ ቃል ከዚያ በኋላም ለዓመታት በየመጽሔቱ ጀርባ ወጣ። ሄዲ በባቡሩ ድልድይ ሥር ባለው የጋዜጣ መሸጫ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

እሷ የአትክልት መደብሮች መስታወት ላይ ዋጋ መጻፍ ያዘች፤ ሽንኩርት ይህን ያህል፣ ፖም ይህን ያህል። ካስፐርን ወይዘሮ ኩምፕ በእህታቸው ልጅ በኩል ሹራብ ፋብሪካ አስገቡት። ቀኑን ሙሉ ሹራብ ያጣጥፋል። ጢሙን ተላጨ፤ ሾርባውንም ይጨርሳል። ሄዲ ለገናው ጥሩ ወረቀትና አዲስ ብሩሽ ገዝታ ከአልጋው አጠገብ ብታስቀምጥለት፣ ስለ ወረቀቱ ውፍረት አመስግኗት መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ዳግመኛ አልሳለም።

በ1958 ክረምት የፋብሪካውን ደረጃ ሲወጣ ልቡ ቆመና ወደቀ። አርባ አራት ዓመቱ ነበር። ሄዲ ለሞት ምስክር ወረቀቱ ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ ጸሐፊው ከመስኮቱ ጀርባ ሆኖ ሥራው ምን እንደነበር ጠየቃት።

«ሰዓሊ» አለች።

ጸሐፊው ፋብሪካው የላከውን ወረቀት ገለበጠ። «እዚህ አጣጣፊ ነው የሚለው፣ ወይዘሪት።»

ከኋላዋ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ አንዱ ሲያስለው ሌላው እግሩን ይቀያይራል። ጸሐፊው ብዕሩን ዘረጋላት። ሄዲ «አጣጣፊ» ከሚለው ሥር ፈረመችና ወረቀቱን አጥፋ ወጣች።