ሁዳዴና የአሜሪካ ፉትቦል

እስከ ዛሬ ሰው ሲያዝንልኝ ደሜ ይፈላል። አመሌን የሚያውቁ ሁሉ “ምን አድርገውህ ነው?” ይሉኛል። ያደረጉኝማ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ፣ ዙሪክ ሜዳ ላይ፣ ሕዝብ እያጨበጨበ ነው።

ደርግ አባቴን ካሰረ በኋላ ጄኔቭ የምትኖረው አክስቴ እንደምንም አስመጣችኝና ሰርቬት በሚባለው ሰፈር ባለችው ሁለት ክፍል ቤቷ አስቀመጠችኝ። አሜሪካኖች የሚያስተዳድሩት አንድ ትንሽ ኮሌጅም አስገባችኝ። ኮሌጁ ለራሱ ሰው የለውም፤ የስፖርት አስተማሪው ግን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ካላቋቋምኩ ብሎ ተነሣ። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ኳሷ እንቁላል ትመስላለች፣ ስሟ ፉትቦል ይሁን እንጂ የምትያዘው በእጅ ነው። አንዱ ይዟት ይሮጣል፣ ሌላው ሄዶ ይጥለዋል። ዋናው ነገር መጣል ነው።

አሰልጣኙ ገና በመጀመሪያው ቀን “ኢትዮጵያዊ ነህ አይደል? እንግዲያው ሯጭ ነህ” አለኝ። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ አውቶቡስ ሲያመልጠኝ ቆሜ የሚቀጥለውን የምጠብቅ ሰው ነኝ። ኳሷን አስይዞ ቢያስሮጠኝ ሁሉም ደረሱብኝ። ያታለልኩት ይመስል አኮረፈና ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። መጣል ላይ ግን የሚያክለኝ አልነበረም። አጭርና ደንዳና ነኝ፤ ልምምድ ላይ የዲፕሎማት ልጆች ከእኔ ጋር ላለመጋጠም ሰልፍ ይቀያየሩ ነበር። አሰልጣኙ ይህን እያየ “በሚቀጥለው ጨዋታ” ይለኛል። ሎዛን ሄድን፣ ወንበር። በርን ሄድን፣ ወንበር። ሰኔ ላይ ኮሌጁን ስለምጨርስ የቀረኝ የመጨረሻው የዙሪክ ጨዋታ ብቻ ነበር። አንዴ ገብቼ አንድ ሰው በወጉ ጥዬ ብወጣ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ይሄኔ ሁዳዴ ገባ። ጓደኞቼ ካንቲን ተቀምጠው ሶሲስና እንቁላል ሲያጋብሱ እኔ ድንችና ዳቦ ይዤ እቀመጣለሁ። አሰልጣኙ ጠየቀኝ፤ ጾም ነው አልኩት፤ እሱ የሰማው ግን ረሃብ ነው። በዚያን ሰሞን ቴሌቪዥኑ ሁሉ የወሎን ረሃብ ነበር የሚያሳየው። ረሃቡ እውነት ነው። ደርግ ሸሽጎት የከረመውን ጉድ ፈረንጅ በካሜራ ሲገልጠው እኔና አክስቴ ቁጭ ብለን አልቅሰናል። ግን የሚጾም ሰው የሚተወው ነገር ስላለው ነው የሚጾመው። የተራበ ምኑን ይተዋል? ይህን ለመለየት ኮሌጅ ማስተማር ያስፈልጋል?

አንድ እሑድ አሰልጣኙ ቤታችን ልምጣ አለ። አክስቴ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ የሱፍ ፍትፍቱን ጠረጴዛው እስኪጠብ ደረደረችው። ከዚያ እንደ ባለወግ ሴት አንገቷን ሰበር አድርጋ “እንግዲህ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ክፉ ጊዜ ላይ መጡብን፣ የሚቀመስ እንኳ የለን” አለች። ማንም የአዲስ አበባ ሴት ለእንግዳ የምትለው ነው፤ እንግዳውም “ኧረ ምን ጠፍቶ!” ማለት ነበረበት።

“ተርጉምለት እንጂ” አለችኝ።

እንዳለችው ተረጎምኩለት። ሰውዬው ሦስት ሳህን ጠርጎ ሲያበቃ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ።

“ቃሪያው አቃጥሎት ነው” አለች አክስቴ።

የዙሪክ ጨዋታ የዋለው በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነው። በጾም ቅዳሜ እህል ከጠዋት ይቀመሳል። አክስቴና እኔ ያደርነው ቪዲኮን በሚባል የዙሪክ ሰፈር፣ ወንድሟ ቤት ነበርና አጎቴ ሲያጎርሰኝ አረፈደ፤ የመከላከያ ትጥቄን ስታጠቅ ሆዴ አላስቆልፍ ብሎኝ ነበር።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ድምፅ ማጉያው በጀርመንኛ ረጅም ነገር ተናገረ። እኔ የለየሁት “ኢትዮጵያ” የምትለውን ብቻ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ተጠባባቂው ወንበር ዞሮ ያጨበጭብ ጀመር። ፈረንጅ ከንፈር አይመጥም እንጂ የመጠጡ ያህል ነበር። እረፍት ላይ አጎቴ ከተመልካቹ መሃል ወጥቶ አጥሩ ጋ መጣ።

“ጋሼ፣ ምንድን ነው ያለው?”

“ምን ይላል! ይሄ ልጅ ቤቱ የሚላስ የሚቀመስ የለም፤ ወገኖቹ በረሃብ እያለቁ እሱ አቅም አጥቶ፣ ለቡድኑ ሲል ግን እዚህ ተቀምጧል፤ አጨብጭቡለት፤ አሰልጣኙ ነው የነገረን አለ።” አጥሩን በጡጫ መታው። “ለመሆኑ ጠዋት ስንት እንጀራ በላህ?”

“ሦስት።”

“እኮ!”

አሰልጣኙ ላይ ሄድኩበት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! “ማን ተናገርልኝ አለህ? አልተራብኩም። አስገባኝ!” አልኩት። ትከሻዬን አቀፈኝ። “ልጄ፣ ኩራትህን አከብራለሁ። በዚህ አቅምህ አስገብቼህ ብትሰበር ግን ሕሊናዬ አይችለውም” አለኝ። ሦስት እንጀራ ሆዴ ውስጥ ተኝቶ፣ ስለ አቅሜ ሌላ ሰው ይነግረኛል! በዕድሜ ባይበልጠኝ ኖሮ እዚያው ነበር የምጥለው።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ግን ከልጆቻችን አንዱ እግሩ ወለም አለው። ሌላ ሰው አልነበረንም፤ አሰልጣኙ ሳይወድ በግዱ አስገባኝ።

ኳሷን ይዞ የመጣብኝ የዙሪኩ ልጅ ቁም ሣጥን ያክላል። ዝቅ ብዬ በትከሻዬ ገባሁበት፤ ተዘረረ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። ከማዶ አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ አጎቴም “አንበሳ!” እያለ ይዘላል። ደስታዬ ግን እግሬ ድረስ ሳይደርስ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ያ ሁሉ አካል ወድቆ ትከሻዬ ምንም አልተሰማውም።

ደግሞ መጣ። በዚህኛው ሳልነካው ወደቀ። ተነሣና እኔን፣ የጣለውን ሰው፣ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ማሊያውን ጨምድጄ ያዝኩት። “ምን እያደረግክ ነው? በደንብ ግጠመኝ!” አልኩት በእንግሊዝኛ።

“አልችልም” አለኝ፣ ከልቡ አፍሮ። “እናቴ እዚያ ተቀምጣለች። አንተን ብገጭ ቤት አታስገባኝም።”

ቀና ብዬ አየሁ። ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ መሐረቧን ዓይኗ ላይ አድርጋለች። ከጎኗ ያለው ሰው ሁሉ ለእኔ ያጨበጭባል።

ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። እግሬን ተክዬ፣ ትከሻዬን አመቻችቼ፣ በል ምታኝ እያልኩ ጠበቅኩት። ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ኳሷን አቅፎ ተንበረከከልኝ። አክስቴ እልል አለች። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የጠበቅኩት ለዚህ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ግን አክብሮ የሚመታኝ አንድ ሰው አጣሁ።