የጨንቻን ቁልቁለት በጫማ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አሠሪዬ ጋሽ ዳንሳ የዘይት ቆርቆሮ አስጨበጠኝና «የሚጮኸውን ሁሉ ቀቢ» አለኝ። አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር በነበረችው የብስክሌት መጠገኛ ሱቁ ትምህርቱም ሕጉም ይኸው ነበር። ሰንሰለት ሲጮህ ዘይት፣ ፔዳል ሲጮህ ዘይት። ደንበኛ ሲጮህ ደግሞ «ነገ ና»። በዚህ እውቀት ልጆች አሳድጓል፤ እግዚአብሔር ለሰነፍም ይራራል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ግን ይቅርብኝ።

ሕጉ የተበላሸው በባትሪ የሚሄዱ የተራራ ብስክሌቶች ሲመጡ ነው። ከባድ ናቸው፤ ፍሬናቸውም ዲስክ ነው። ከጎማው መሐል የታሰረ ስስ የብረት ሰሃን አለ፤ እሱን ከግራና ከቀኝ ሁለት የፍሬን ሸራዎች ይቆነጥጡታል፤ ሸራዎቹን በቀጭን ቱቦ የሚመጣ ዘይት ይገፋቸዋል። ዘይቱ የሚኖረው ቱቦው ውስጥ ነው። ዲስኩን ከነካ ፍሬን የለም ማለት ነው። ይህን ከአዲስ አበባ ከመጣ መካኒክ ተምሬ ለጋሽ ዳንሳ ስነግረው «ዘይት መቼ ነው ሰው የጎዳው?» አለኝ።

ብስክሌቶቹን ያመጣቸው ጋሽ ዘለቀ ነው። ዕድሜውን በጭነት መኪና ሾፌርነት የጨረሰ፣ የሚበላውን እንኳ ስትጠይቁት «እኔ ያንን ዳገት ስወጣ» ብሎ የሚጀምር ሰው ነው። ብስክሌቶቹን ለቱሪስት ያከራያል፤ እንግዶቹ ከአርባ ምንጭ ጨንቻ ድረስ በባትሪ እየታገዙ ይወጣሉ፤ ከዚያ በፍሬን ይወርዳሉ። የሚመሯቸው ሴት ልጁ ምሕረትና ሥራ ያጡ ምሩቃን ናቸው።

ለመሪዎቹ ያወጣው ደንብ ከጭነት መኪና የተወረሰ ነበር። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ይዘው ይወርዳሉ፤ ዶርዜ ሲደርሱ ቆመው የጋለው ዲስክ ላይ ውሃ ያፈሳሉ። የጭነት መኪና ይህን ይችለው ይሆናል። ስስ ሰሃን ግን እንደጋለ ውሃ ካገኘ ይጣመማል። ሲጣመም ይጮሃል፤ ሲጮህ እንግዳ ያማርራል፤ እንግዳ ሲያማርር ጋሽ ዘለቀ እኛ ዘንድ ይመጣል፤ ጋሽ ዳንሳም ቆርቆሮውን ያነሳል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው።

አንድ ጠዋት ምሕረት ብስክሌቷን እየገፋች ብቻዋን መጣች። ዲስኩ ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል። የፍሬኑ እጀታ ሲጨበጥ ምንም ሳይከብድ መሪው ድረስ ይመጣል። የእሷም መዳፍ ተልጧል።

«አስቱ፣ ትናንት ኩርባው ላይ እምቢ አለኝ» አለችኝ። «የአፈር ክምር ውስጥ ገብቼ ነው የቆምኩት። ከአፈሩ ወዲያ ገደል ነው። አባቴ ግን አያያዙን አላወቅሽበትም ይለኛል።»

አባትየውን አስጠራሁት። መጣ፤ ዲስኩን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።

«ጋሽ ዘለቀ፣ የሁሉም ዲስክ ወጥቶ በሰፊ ይተካ። ሸራዎቹም ዘይት ጠጥተዋል፤ ይጣሉ» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ በዚያ ቁልቁለት እንጨት ጭኜ ስወርድ አልተወለድሽም።»

«ያኔ በማርሽ ይይዙት ነበር። ይሄ ሲወርድ ከፍሬን በቀር የሚይዘው የለም።»

«ትንሽ ዘይት ቀቢው፤ ጩኸቱ ከቆመ ይበቃል።»

ጋሽ ዳንሳ ወደ ጎን ጎትቶ «ደንበኛ አታባርሪብኝ» አለኝ። እሱ ሁልጊዜ የሚስማማው ኪሱ ካበጠው ጋር ነው።

እኔም ተናድጄ ጋሽ ዘለቀን «እንግዲያው ነገ በምሕረት ብስክሌት እርስዎ ይውረዱ» አልኩት። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ስለነበር እምቢ ማለት አልሆነለትም። ደረቱን ነፍቶ ሄደ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዘለቀ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። የቀኝ ጫማው ሶል ከፊት በኩል ተበልቶ አልቋል፤ ካልሲው ይታያል። ቁልቁለቱን የወረደው በጫማው እያቆመ ነበር። ጋሽ ዳንሳ ምን እንደሆነ ሲጠይቀው «ጫማው ድሮም አሮጌ ነው» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በለሆሳስ «ሰፊውን ዲስክ ግጠሚ። ለምሕረት» አለኝ።

«ሌሎቹስ? ታምራት በዚያው መንገድ አይደል የሚወርደው?»

ታምራት ከካምባ የመጣ ምሩቅ ነው፤ ሥራ እስኪያገኝ ብሎ እንግዳ ይመራ ነበር።

«ታምራት ጎበዝ ልጅ ነው፤ ይጠነቀቃል» አለ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ የሞኝ ንግግር ሰምቻለሁ፤ ከልቤ የናቅሁት ግን ይህን ነው። ሞኝነት ቢሆን ይሻለው ነበር። የፍሬንን ጥቅም በገዛ ጫማው ካወቀ በኋላ ነው ይህን ያለው።

«እሺ፣ ሁሉንም ያምጡልኝ» አልኩት። «የምሕረትን የምሠራው ግን መጨረሻ ላይ ነው።»

«ለምን መጨረሻ?»

«የእሷ ካለቀ እርስዎ ተመልሰው አይመጡም።»

ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ነበር። «የሁሉም እስኪያልቅ እኔም አልወርድም፣ አባ» አለችው። ጋሽ ዘለቀ ጫማውን አየና ብስክሌቶቹን ሊያስመጣ ሄደ።

ከታምራት ብስክሌት ጀመርኩ። ጎማውን አወረድኩ፣ የተጣመመውን ዲስክ ፈታሁ፣ ሰፊውን በአልኮል ጠርጌ አሰርኩት። ዲስኩ ስለሰፋ የሸራዎቹን ቤት ከፍ የሚያደርግ ብረት ከሥሩ አስገባሁ። አዲስ ሸራ ገጠምኩ፤ ዘይቱን ቀይሬ ከቱቦው አየር አስወጣሁ። ከዚያ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው መንገድ ሸራውና ዲስኩ እስኪለማመዱ ድረስ ያዝ ለቀቅ እያደረግሁ ነዳሁት። ጋሽ ዳንሳ ቆርቆሮውን እንደታቀፈ ያየኝ ነበር።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው አጭር ነው። ዲስክ ዘይት አታስነኩ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አታፍሱ። ባለቤቱ የገዛ ልጁን ብስክሌት ይዞ ሲመጣ፣ ከሰው ልጅ ብስክሌት ጀምሩ።