የአባቴ ጊታር አልተሰማም

ይህን የምጽፈው ለነፍስ አባቴ መናገር ስላቃተኝ ነው። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ከታክሲ ረዳት ጋር መሰዳደቤን ተናግሬ፣ «የቀረ አለ ልጄ?» ሲሉኝ «የለም አባ» ብዬ ተመልሻለሁ። ነበር። የቀረው ዋናው ነበር። እህቴ አታውቀውም፣ ወንድሜ አያውቀውም፣ እናቴማ ብታውቀው ኖሮ ዛሬ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምሳ አልበላም ነበር። እናንተ ስሜንም መልኬንም ስለማታውቁ ልንገራችሁ። እኔ የገዛ አባቴን፣ ሰው ፊት ጊታሩን እንዳቀፈ፣ ድምፁን ዘግቼበታለሁ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ሰባት ወር ሙሉ ነው።

ቤተሰባችን ባንድ ነበር፤ ያውም የካንትሪ ባንድ። ቦሌ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ እሁድ እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ሰው ልጆቹን ይዞ ምሳ ሊበላ ሲመጣ የፈረንጅ የገጠር ዘፈን እንጫወት ነበር። አዲስ እንግዳ መጀመሪያ ይስቃል። ትንሽ ቆይቶ ጠና ጠና ያሉት ሰዎች ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ የነሱ ዘመን ዘፈን ነዋ።

ነገሩን ያመጣው አባቴ ነው። ወጣት ሳለ የተማረው አስመራ ነበር፤ እዚያ ከፈረንጆቹ የጦር ሰፈር የሚተላለፍ ሬዲዮ ነበር። ቋንቋውን በቅጡ ሳያውቅ ዜማውን በቃሉ ያዘው። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ወታደር ትቶለት በሄደው ጊታርም ያለ አስተማሪ ተማረ። በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ሆነ። እናቴን ያገኛት በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ነው። እሷ ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች፤ እሱ ደግሞ ጊታር ያለው ሰው ተገኘ ተብሎ ተጎትቶ የገባ። ስለ ምርትና ስለ ትግል እየዘፈኑ ተዋደዱ።

ታላቅ እህቴ ሳባ ድምፅዋን የገራችው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ ስለ ባቡርና ስለ ዊስኪ ስትዘፍን እንኳ መጨረሻው ላይ መዝሙር መዝሙር ይላል። ታናሽ ወንድሜ ኤልያስ በትምህርት ቤቱ የባህል ክበብ ማሲንቆ ጀምሮ ኋላ ወደ ቫዮሊን ዞረ፤ ማሲንቆው ግን ከእጁ አልወጣም። እናቴ ጉልበቷን እስኪያማት ድረስ ከሳባ ጎን ቆማ ትቀበል ነበር። ከዚያ በኋላ እሁድ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አጣፍታ የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች።

እኔስ? አሥር ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ጊታሩን ጭኔ ላይ አስቀምጦ አንድ ክረምት ሙሉ ሞከረ። በመጨረሻ እጄን ያዘና፣ «ልጄ፣ እጅህ እምቢ አለን። ጆሮህ ግን ከሁላችንም ይበልጣል» አለኝ። ስድብ አልነበረም። እኔ ግን እንደ ስድብ ይዤው አደግኩ። በዚያው ጆሮ የሳውንድ ባለሙያ ሆንኩ። እነሱ መድረክ ላይ ሲሆኑ እኔ ግቢው ጥግ፣ ጥላ ሥር፣ ሚክሰር ፊት እቀመጣለሁ። ከመድረኩ የሚመጣው ድምፅ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ማን እንደሚሰማና ማን እንደማይሰማ የምወስነው እኔ ነበርኩ።

አባቴ ሰባ ዓመት ሲያልፈው መጀመሪያ ጆሮው ደከመ። እንደ ዘፋኞቹ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ገዛሁለት። ሲሞክረው እንደ ሕፃን ነው የሳቀው። «ሬዲዮ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ» አለ። ቀጥሎ ቁርጥማት ጣቶቹን ያዘ። ከዘፈኑ ወደኋላ ይቀር ጀመር፤ ክሩን ሲስት ይሰማል፣ ሲስት ደግሞ ይደነግጥና ሌላውንም ይስታል። አንድ ቀን የሆቴሉ ኃላፊ ጠራኝና፣ «አባትህን በጣም ነው የማከብራቸው። ግን ሰው እያጉረመረመ ነው። ወይ አስተካክሉት፣ ወይ ሌላ ባንድ ልንሞክር ነው» አለኝ።

ለሳባ ስነግራት፣ «ሞቼ ነው ቆሜ! እኔ አልነግረውም» አለች። ኤልያስ መሬት መሬት አየ። «ለኔ ተዉት» ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። በማግስቱ አባቴን መኪና ውስጥ ይዤው ከቦሌ እስከ ጉርድ ሾላ ስንሄድ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። እሱ መንገዱን ሁሉ አዲስ ስለገዛው የጊታር ክር አወራኝ። እንዲህ ያለ ክር አግኝቶ አያውቅም። መብራት አስቆመን፣ አረንጓዴ ሆነ፣ አለፍን። አልነገርኩትም።

እሁድ ደረሰ። ሚክሰሩ ላይ የአባቴ ቻናል አራተኛው ነው። ወደ ስፒከሩ የሚሄደውን ማንሸራተቻ እስከ ታች ድረስ ሳብኩት። ወደ ጆሮው የሚሄደውን ግን አልነካሁም። ገብቷችኋል? እሱ ራሱን ይሰማል። ጊታሩ የኤሌክትሪክ ስለሆነ ያለ ስፒከር ሌላ ሰው አይሰማውም። ሳባም ጊታር ስለምትይዝ ክፍተቱ አልታወቀም። ከዘፈኑ በኋላ ኤልያስ አንድም ስህተት ስላልሰማ አቀፈውና፣ «አባዬ፣ ዛሬ ቀወጥከው እኮ!» አለው። ሳባ ግንባሩን ሳመችው። የአባቴ ፊት በደስታ በራ። ባልተሰማ ጊታር ተመሰገነ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ለእህቴና ለወንድሜ፣ «ነግሬዋለሁ፣ ቀለል አድርጎ እየተጫወተ ነው» አልኳቸው። አመኑኝ። ማን ይጠረጥራል?

አዝኜለት ነው ወይስ ተበቅዬው? ያኔ አዝኜለት ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ያንን ማንሸራተቻ ወደ ታች ስስብ አንዲት ትንሽ ደስታ ውስጤ እንደነበረች አውቃለሁ። እጄ እምቢ አለ የተባልኩት ልጅ፣ የአባቴን እጅ እምቢ አልኩት። ይህን ለራሴ ለማመን ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ ግቢው ጢም ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል አልቆ ሳባና ኤልያስ ውሃ ሊጠጡ ወረዱ፤ እኔም እንደተለመደው የዕረፍት ሙዚቃ ከኮምፒውተሩ ከፈትኩ። አባቴ አልወረደም። ወንበሩን ወደፊት ጎትቶ እናቴ ወደተቀመጠችበት ጠረጴዛ አቅጣጫ አዞረና መጫወት ጀመረ። ሄድፎኔን አጥልቄ አራተኛውን ቻናል ለብቻዬ አዳመጥኩ።

የማላውቀው ዜማ ነበር። አጀማመሩ እንደ ካንትሪ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ትዝታ ይዞራል፣ ደግሞ ይመለሳል። ዝግ ያለ ነው። ለነዚያ ለታመሙ ጣቶች በልካቸው የተሰፋ ነው፤ የማይታዘዙትን ጣቶች ትቷቸው በሚታዘዙት ብቻ ሠርቶታል። ስንት ወር ፈጅቶበት ይሆን? ዓይኑን ከእናቴ ላይ አላነሳም።

ማንሸራተቻው ላይ ጣቴ ነበረ። የዕረፍቱን ሙዚቃ መዝጋት፣ አራተኛውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ መግፋት፣ በቃ። ምን ጠበቅኩ? ስህተቱን ጠበቅኩ። አሁን ይስታል አልኩ። ይህችን ካለፈ በሚቀጥለው ይስታል አልኩ። ከከፈትኩት ደግሞ ሳባና ኤልያስ እስከዛሬ የት ነበር ይህ ድምፅ ብለው ዞረው ያዩኛል አልኩ። አባቴ አንዴም አልሳተም። እኔ የሠራሁትን እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ፣ እሱ እስኪሳሳት እየጠበቅኩ፣ ዜማው አለቀ። ግቢው ውስጥ ከኔ በቀር የሰማው ሰው አልነበረም።

ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ እናቴን አያት። እሷ ከጎረቤታችን ጋር እያወራች ነበር። ቀና ብላ አየችውና ምሳው ሳይቀዘቅዝ ና ብላ በእጇ ጠራችው። እሱ መጀመሪያ ወደኔ መጣ።

«ተሰማ?» አለኝ።

«ተሰማ አባዬ።»

«እሷም ሰማችው?»

«አዎ፣ ሰማች።»

«ዝም አለች እኮ» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አርባ ዓመት የሰው ዘፈን ነው የተጫወትኩላት። አንድ እንኳ የራሴን ብዬ ነበር።»

«ሰው መሀል ስለሆነ ነው» አልኩት። አጠገቤ ቆሞ እንደዚያ ሲለኝ አሁን ውጣና ድገመው፣ አልተሰማም፣ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት እችል ነበር። ሁለተኛው ክፍል ገና አልተጀመረም። ኤሌክትሪኩ አልጠፋ፣ እናቴ አልሄደች። ሁሉም ነገር በቦታው ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ጉርድ ሾላ ላይ አባቴ ዳቦ ሊገዛ ወረደ። እናቴ ከኋላ ወንበር ጠጋ ብላ፣ «አባትህ ዛሬ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። «እናንተ ጨርሳችሁ እሱ ብቻውን ጊታሩን ሲነካካ ነበር።»

ያኔም ሁለተኛ ዕድል ተሰጠኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «እጁም ሐሳቡም እየደከመ ነው እማዬ። ዘፈኑ ያለቀ አልመሰለውም» አልኩ። የሠራላትን ዜማ የሽማግሌ መዘንጋት አደረግኩበት።

«በሞቴ እንዳታነሱበት» አለች። «እኔም እንዳላየ እሆናለሁ።»

አባቴ ትኩስ ዳቦ ይዞ ገባ። በመስታወቱ አየኋቸው። እሱ አንድ ቃል እንድትለው ይጠብቃል፤ እሷ እንዳያፍርባት ብላ ስለ ዳቦው ታወራለች። እስከ ቤት ድረስ እንደዚያው ሄድን። ሁለቱም ሲከባበሩ ነበር፤ መሀላቸው የገባሁት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው እሁድ አባቴ ጊታሩን አልያዘም። «እጄ ደከመኝ፣ እናንተ ቀጥሉ» አለ። ልንነግረው የፈራነውን ራሱ ነገረን። ሳባ አለቀሰች፣ ግን ቅልል እንዳላት ፊቷ ላይ አይቻለሁ። እኔም ቀለለኝ፤ ይህንንም እናዘዛለሁ። ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ሲከፍተው አላየሁም። አምስት ወር ቆይቶ ታመመና በሳምንቱ ሞተ። ሆስፒታል ሦስት ቀን ለብቻዬ አስታምሜዋለሁ። እየሰማኝ ነበር። ከንፈሩን በውሃ አራስኩለት፣ ትራሱን አስተካከልኩለት፣ ስለ አየሩ አወራሁት። አልነገርኩትም።

ዜማው አልተቀዳም። በየሳምንቱ የምቀዳው ወደ ስፒከሩ የሚወጣውን ነው፤ የዚያን ቀኑን ስከፍተው የሚሰማው የዕረፍት ሙዚቃው ብቻ ነው። አባቴ የሠራት አንዲት ዜማ ያለችው እኔ ጆሮ ውስጥ ነው። ለኤልያስ ባንጎራጉርለት በቫዮሊን ያወጣው ነበር። ግን ከየት አመጣኸው ይለኛል። ነገ እላለሁ። እንዲህ ስል መሀሉ ጠፋብኝ። ወደ ትዝታ ሲዞር እንዴት ነበር? ስጀምረው ሌላ ዘፈን ይሆንብኛል። አሁን የቀረኝ መነሻዋ ብቻ ነው። ከሁላችንም ይበልጣል የተባለው ጆሮ ይህን ያህል ነው የያዘው። ዛሬ ለእናቴ እውነቱን ብነግራት እንኳ የምሰጣት ነገር የለኝም። ዜማውን እስክታጣው ድረስ ጠብቄያለሁ።

ባለፈው ወር ሙት ዓመቱ ነበር። እንግዶቹ ስለ አባቴ ጊታር ሲያነሱ እናቴ ሳቅ ብላ፣ «ስንቱን የፈረንጅ ፍቅር ዘፈነው! ለኔ ብሎ ግን አንዲት እንኳ አልሠራም። ዓይናፋር ነበር» አለች። ሰው ሳቀ። ሳህኔ ጉልበቴ ላይ ነበር። እኔም ሳቅኩ።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ይቅር የሚለኝ አንዱ ሞቷል፤ ሌላዋ ግድግዳው ማዶ ናት። ለሚ ኩራ በሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን የሁለታችንን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ስታስል ይሰማኛል። ለእሷ መናገር የሚገባኝን ለእናንተ ተናገርኩ፤ ይህም ሌላ ፍርሃት ነው። ዛሬ እሁድ ነው፣ ከቀትር በኋላ። አሁን በሩን ከፈት አድርጋ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ «ምን እየጻፍክ ነው ይህን ሁሉ?» አለችኝ።

«የሥራ ነገር ነው እማዬ» አልኳት።